ሀዋሳ፣ ኮንዶሚኒየም፦ ማታ ማታ ዋይፋዩ ለምን ይደክማል?

ፊደል አስተማሪዋ (ሀዋሳ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ውጭ አገር ለተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች በቪዲዮ አማርኛ ማስተማር ነው። ስድስት ተማሪዎች አሉኝ፤ አብዛኞቹ ስዊድንና ጀርመን ናቸው። እነሱ ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ መክሰስ ቀምሰው ሲቀመጡ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ችግሬም የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ነው።

ዛሬ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ተማሪዬ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። «ጠ»ን ከ«ተ» እንድትለይ ሦስት ሳምንት ለፍተናል። «ጠጠር በይ» አልኳት። አፏ እንደተከፈተ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ድምጿ ሲመለስ ያለችው «ጠጠር» ይሁን «ተተር» መለየት አልቻልኩም። አራት ጊዜ አስደገምኳት። አራት ጊዜም ቃሉ መሃል ላይ ተበጠሰ። ልጅቷ የተሳሳተች መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቷ «መምህርት፣ ለዛሬ ይብቃት» አሉኝና ዘጋን። አማርኛ የሚያስተምር ሰው ይገባዋል፤ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጰ» ፈንጠር ብለው ወዲያው የሚያልፉ ድምፆች ናቸው። መስመሩ ለቅጽበት ከተቆረጠ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ምስሉ ቢደበዝዝ እችለዋለሁ፤ ድምፁ ግን የሥራዬ ሁለመና ነው።

የቤቴ ሁኔታ እንዲህ ነው። መስመሩ ፋይበር ነው፤ የምከፍለው በሰከንድ ለ10 ሜጋ ቢት ነው። ራውተሩ መግቢያው በር አጠገብ፣ ከፍሪጁ ጀርባ ተቀምጧል፤ የገጠሙት ሰዎች እዚያ አስቀምጠውት ሄዱ፣ እኔም አልነካሁትም። የማስተምረው መጨረሻ ላይ ባለው መኝታ ክፍል ነው፤ ጸጥታ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስሞክረው እንከን የለበትም። ባለሙያ ጠርቼ ነበር፤ ጠዋት 4 ሰዓት መጥቶ ለካና «መስመርዎ ጤነኛ ነው» ብሎኝ ሄደ። ጎረቤቶቼም «ማታ ማታ ይደክማል» ይላሉ። ትልልቅ አንቴና ያለው ራውተር ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ልግዛ?


የአላሙራው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ ሬፒተር ግዢና ኮሪደሩ ላይ ሰኪው። እኔ ግቢያችን ውስጥ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪሱ የማዳርሰው በእሱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ምንም አላስቸገረኝም።


ገመድ ዘርጊ (ሀዋሳ፣ መናኸሪያ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

መምህርት፣ ገንዘብዎን ይያዙት። ገና ምንም አይግዙ።

የአላሙራው ወንድማችን ያለው ለእሱ ግቢ ትክክል ነው፤ በዙሪያው ጥቂት ቤት ነው ያለው። ሬፒተር ግን የሰማውን መልሶ የሚናገር ዕቃ ነው፤ አንዱ ቃል አየሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይባላል ማለት ነው። በኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ግን ያጠረው አየሩ ራሱ ነው። እኔ ቢሮዎችና ሆቴሎች ውስጥ ኔትወርክ እዘረጋለሁ፤ ሰው ሬፒተር ሰክቶ ባሰበት ቤት ስንት ጊዜ ተጠርቻለሁ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ከውጭ እስከ ራውተሩ የሚመጣው መስመር ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ላፕቶፕዎ ያለው አየር ነው። ሰው ሁለቱንም «ኔትወርክ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ በዚህም ምክንያት የታመመው አንዱ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ለሌላው ይገዛል። ጠዋት 4 ሰዓት የመጣው ባለሙያ መስመሩን ለካ እንጂ የማታውን አየር አላየውም።

ነገ ልክ ከምሽቱ 1፡30 ላይ፣ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ቴሌቪዥን ሲከፍት፣ ይህን ያድርጉ። ከራውተሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣች አጭር ኬብል ትኖራለች፤ ላፕቶፑን በእሷ ያገናኙና ፍጥነቱን ይለኩ። ከዚያ ነቅለው መኝታ ክፍል ይግቡና በዋይፋይ ይለኩ። ቀጥሎ ከዚያው ክፍል የራሱን የራውተሩን አድራሻ በፒንግ ይጥሩት (ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደተመለሰ የሚለካ ትእዛዝ ነው)፤ አድራሻው ራውተሩ ሆድ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አለ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ይህ ጥሪ ከቤትዎ አይወጣም፤ ስለዚህ ከዘገየ ጥፋቱ የውጭው መስመር አይደለም ማለት ነው። ደህና አየር ላይ መልሱ ከጥቂት ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ለድምፅ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የድምፅ ጥሪ ከ10 ሜጋ ቢት ጥቂቷን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ መዘግየትና የመረጃ በመንገድ መጥፋት ግን ይገድለዋል።

በስልክዎ ደግሞ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባለውን ያውርዱ። የእያንዳንዱን ጎረቤት ቻናል፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚናገርበትን የሞገድ ቁጥር፣ እና የምልክቱን ጥንካሬ ያሳይዎታል። ቆጥረው ይጻፉልኝ።


ፊደል አስተማሪዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ፤ እነሆ።

በኬብል፣ ከምሽቱ 1፡30፦ 9.4 ሜጋ ቢት። ከመኝታ ክፍል በዋይፋይ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ፦ 1.3። ራውተሩን በፒንግ ስጠራው የመለሰልኝ ቁጥር 4፣ ቀጥሎ 180፣ ቀጥሎ 620 ነበር፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ጭራሽ መልስ የለም። አሥር ሜትር የማይርቅ ዕቃ ነው! ይህን ሳይ ወራት ሙሉ መስመሩን ስወቅስ መኖሬ አሳዘነኝ።

መኝታ ክፍሌ ውስጥ ቆሜ የቆጠርኩት 27 ዋይፋይ ነው። ቻናል 1 ላይ 9፣ ቻናል 6 ላይ 11፣ ቻናል 11 ላይ 4፣ ቻናል 3 ላይ 2፣ ቻናል 9 ላይ 1። እነዚህ ሁሉ 2.4 ጊጋ ኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ ናቸው፤ በሌላው፣ በ5 ጊጋ ኸርዝ ክፍል ግን ሁለት ስም ብቻ ነው የታየኝ። የእኔው 6 ላይ ነው። ጥንካሬው ሲቀነስ 74 ይላል፤ ቻናል 9 ላይ ያለው ደግሞ ሲቀነስ 51። የሚያንሰው ቁጥር ነው የሚሻለው ወይስ የሚበልጠው?

አንድ የምጨምረው ነገር አለ። የይለፍ ቃሌን ለሦስት ጎረቤቶች ሰጥቻለሁ። አንዷ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ፈተና ደርሶባታል፣ በስልኳ የምታጠናው በእኔ ዋይፋይ ነው። እሷን ከልክዪ የሚል ምክር ከሆነ አልቀበለውም።


ገመድ ዘርጊ (ሀዋሳ፣ መናኸሪያ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

መምህርት፣ እንዲህ አድርጎ የሚለካ ደንበኛ አግኝቼ አላውቅም። አሁን በሽታው ታወቀ።

ከሲቀነሱ ልጀምር። ወደ ዜሮ የቀረበው ነው ጠንካራው። ስለዚህ እርስዎ መኝታ ክፍል ውስጥ የጎረቤትዎ ዋይፋይ ከራስዎ ይበረታል። ልዩነቱ 23 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ኃይሉ እጥፍ ስለሚሆን ይህ ወደ 200 እጥፍ ያህል ነው። የእሳቸው ራውተር ከመኝታ ክፍልዎ ግድግዳ ማዶ ተሰቅሎ መሆን አለበት፤ በመካከላችሁ ያለው አንድ ብሎኬት ብቻ ነው። የእርስዎ ምልክት ግን ፍሪጁን ዞሮ፣ ሁለት ግድግዳ በስቶ ነው የሚደርሰው። ፍሪጅ ማለት የብረት ግንብ ነው፤ ከኋላው ዋይፋይ አይቀመጥም።

አሁን ስለ ተራው። ዋይፋይ ጨዋ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። በዚያው ቻናል ሌላ ራውተር እየተናገረ ከሆነ፣ የማያውቀው ሰው ዕቃ ቢሆንም፣ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። የእድር ስብሰባን ያስቡ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ቻናል 6 ላይ 11 ቤተሰብ አንድ ስብሰባ ተቀምጣችኋል ማለት ነው። ንጋት ላይ ተናጋሪው እርስዎ ብቻ ነዎት። ማታ 1 ሰዓት ግን ሁሉም የሚለው አለው፤ ተራዎ እስኪደርስ የልጅቷ «ጠ» ጊዜው አልፎበታል።

ከዚህ የሚብሰው ቻናል 3 እና 9 ላይ ያሉት ናቸው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ከቻናል ቻናል ያለው ርቀት 5 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ አንድ ዋይፋይ ሲናገር ግን የሚይዘው ወደ 20 ሜጋ ኸርዝ ነው። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 3 ላይ የተቀመጠ ሰው ለ1ም ለ6ም ቋንቋው የማይለይ ጫጫታ ነው፤ ተራም በደንብ አይጠባበቁም፣ እየተደራረቡ ይናገራሉ፣ የተበላሸው መረጃ እንደገና ይላካል። ሰዎች «ባዶ ቻናል አገኘሁ» ብለው 3 ወይም 9 ይገባሉ፤ ባዶ ሳይሆን የሁለት ስብሰባ ድንበር ነው። የጎረቤትዎ ዋይፋይ በስልክዎ ላይ ሰፋ ብሎ የተሳለ ከሆነ ደግሞ 40 ሜጋ ኸርዝ ላይ ተከፍቷል፤ ያን ጊዜ 6ንም 11ንም አብሮ ይረግጣል። ይመልከቱትና ይንገሩኝ።

ተማሪዋን አይከልክሉ፤ ግን ይህን ይወቁ። ከሩቅ፣ በደከመ ምልክት የተያያዘ ስልክ በዝግታ ነው የሚናገረው። በዝግታ የሚናገር ሰው ትንሽ ነገር ለማለትም ስብሰባውን ረዥም ጊዜ ይይዛል። ፎቁን ዘልቃ አንድ መስመር ምልክት ይዛ ከምታነብ፣ ወርዳ ሳሎንዎ ብትቀመጥ ለእሷም ለእርስዎም ይቀላል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል ከሆነ፣ መጀመሪያ ላፕቶፑን በኬብል ያድርጉት። ካት 5ኢ የሚባለውን ይግዙ፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋ ቢት ይሸከማል፣ ለ10 ሜጋ ቢት ከበቂ በላይ ነው። ለሥራ የሚሆን ነገር በሽቦ ይሁን፤ በኬብል ውስጥ የማንም ስብሰባ የለም። ሁለተኛ ራውተሩን ከፍሪጁ ጀርባ አውጥተው ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ሦስተኛው ጎረቤቶችዎን ማነጋገር ነው። እርስዎ ብቻዎን ቻናል ቢቀይሩ ለሳምንት ይሻልዎታል፤ ከዚያ አንዱ ራውተር በራሱ ተነሥቶ ይከተልዎታል፣ ብዙዎቹ «አውቶ» ላይ ናቸውና። ትልልቅ አንቴና ቢገዙ ደግሞ ጎረቤትዎም ነገ የባሰ ይገዛሉ። እኔ ይህንን አንድ ብሎክ ውስጥ አይቻለሁ፤ ሁሉም ጮክ ብሎ የሚናገርበት፣ ማንም የማይሰማበት ሆነ።


የአላሙራው
ረቡዕ፣ ንጋት 1፡10

የሬፒተሩን ነገር አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ምክሬን ትቻለሁ። አንድ ልጨምር፦ ራውተሩ 5 ጊጋ ኸርዝ ካለው በኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህንን መጠቀም ነው። ግድግዳ አይበሳም እያሉ ሰዎች ይተዉታል፤ ግን የእኛ እንደማይወጣው ሁሉ የጎረቤትም አይገባም።


የአዳማዋ እናት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡20

ልጄ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የእኔም የልጅ ልጆች ካናዳ ናቸው፣ እንዲህ ያለች መምህርት ብታገኝላቸው እናታቸው ምን ትል ነበር።

እኛ አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ ነን። የእኛ ችግር በየማታው ኢንተርኔቱ ድርግም ብሎ ሦስት ደቂቃ ጠፍቶ መመለሱ ነበር። ሁላችንም «ኔትወርክ ነው» እንል ነበር። በኋላ ልጄ ልብ አለ፤ የሚጠፋው ጎረቤታችን ምጣድ ሲሰኩ ነው። የመብራቱ ኃይል ዝቅ ሲል ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣል። ለራውተር የምትሆን፣ 12 ቮልት የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ ገዛልኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንጀራም ይጋገራል፣ ከልጅ ልጆቼም ጋር አወራለሁ። አንቺም የራውተሩን መብራት ተመልከቺ። የሚጠፋና የሚነሣ ከሆነ ያ ሌላ በሽታ ነው።

ተማሪዋን ስላልከለከልሽ ተባረኪ።


ገመድ ዘርጊ (ሀዋሳ፣ መናኸሪያ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እማማ ልክ ናቸው። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ሽቦው ቀጭን በሆነ ግቢ ውስጥ ሲሰካ አምፖሉ ሲፈዝዝ ይታያል፣ ራውተሩም ይሰማዋል። አየሩን ግን ምጣድ አይረብሽም። አየሩን የሚረብሸው ማይክሮዌቭ ነው፤ የሚሠራው 2.45 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ሲከፈት ዋይፋዩ መሃል ይገባል።


ፊደል አስተማሪዋ
ሰኞ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፣ ከምሽቱ 3፡30

እንደምን ሰነበታችሁ። ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ስለሆነ ተመልሼ መጣሁ።

ራውተሩ አሁን ሳሎንና ኮሪደሩ በሚገናኙበት፣ ከበሩ ጉበን በላይ ተሰቅሏል። ከእሱ ተነሥቶ 14 ሜትር ኬብል በግድግዳው ጥግ እየታከከ መኝታ ክፍል ይገባል። ኬብሉንና ምስማሩን መናኸሪያ አካባቢ ገዛሁ፤ ሻጩ ራሱ ገጠመልኝ፣ መጋረጃው ስለሚሸፍነው ዓይን ውስጥ አይገባም። የወጣው ገንዘብ ለራውተሩ ካጠራቀምኩት ሩብ አልሞላም። በፒንግ ስጠራው በ1 ሚሊ ሰከንድ ይመልሳል፣ ማታም ሆነ ንጋት። የእማማን ምክርም ተከትዬ የራውተሩን መብራት ሦስት ማታ ጠበቅሁ፤ አይጠፋም፣ የእኔ በሽታ ያ አይደለም።

ለሥራዬ ይህ ይበቃኝ ነበር። ግን ጎረቤቶቼን ማናገር እንዳለብኝ ያሉኝ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ሌላው ቤት ያለው ሰው እኮ እኔ ያየሁትን እያየ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና አፈላሁና የፎቃችንን አራት ቤትና ከላይ ተማሪዋንና እናቷን ጠራሁ። እውነት ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ «ያንተ ዋይፋይ እኔን ይረብሸኛል» ማለት «ልጅህ ይጮኻል» እንደማለት ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ክስ አላቀረብኩም። የስልኬን መስኮት አሳየኋቸው። ሃያ ሰባቱ ስሞች እንደ ድንኳን ተደራርበው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ያደረገው የራሱን ስም መፈለግ ነው። የግድግዳ ማዶው ጎረቤቴ ጋሼ ስማቸውን ሰፊ ድንኳን ሆኖ፣ ከግማሽ በላይ ቦታውን ይዞ ሲያዩት ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ የእኔ ነው?» አሉኝ። ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ተነሥተው «ነይ አስተካክይው» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ።

የራውተራቸው ማስተካከያ የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር፤ መጀመሪያ እሱን ራሳቸው ቀየሩ፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ስፋቱን ከ40 ወደ 20 አወረድን፣ ቻናሉንም ከ9 ወደ 1። ራውተራቸው አዲስ ስለሆነ 5 ጊጋ ኸርዝ አለው፤ ለዓመት ተኩል ተዘግቶ ነው የኖረው። ቴሌቪዥናቸው ያው ክፍል ውስጥ ስለሆነ በእሱ አገናኘነው። የማታ ኳሳቸው አሁን የእኛን አየር አይነካም። ቻናል 3 ላይ ከነበሩት ሁለቱ ደግሞ አንደኛው የእኛው ፎቅ ነበር፤ ወደ 6 ሄደ። ሌላው የማናውቀው ብሎክ ነው፣ አላገኘነውም። እኔ 11 ላይ ተቀመጥኩ። የ«አውቶ»ውን ነገር ሁላችንም ዘጋነው።

ትናንት ከምሽቱ 1፡30 ላይ በስልኬ፣ በዋይፋይ፣ ከመኝታ ክፍል ለካሁ፦ 7.8። ሙሉ አይደለም፤ ዝናብ የጣለበት ማታ ስለነበር ሰው ሁሉ ቤቱ ነበር። ከ1.3 ጋር ሳስተያየው ግን ሌላ ቅሬታ የለኝም። ጋሼም «ኳሱ መቆሙን ተወ» ብለው በሩን አንኳኩተው ነገሩኝ።

ተማሪዋ አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሳሎኔ ጠረጴዛ ላይ ናት። ዛሬ እኔ በር ዘግቼ ሳስተምር እሷ ሒሳቧን ትሠራ ነበር። ያቺ የስቶክሆልሟ ልጅ «ጠጠር» አለች። ቀጥላ ሳልጠይቃት «ጣት»፣ «ጥጥ»፣ «ጤፍ» አለች፣ አንዱም ሳይቆረጥ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ስወጣ ተማሪዋ ቀና ብላ «መምህርት፣ ጥጥን እኮ እኔም ሰማሁት» አለችኝ።

አንድ ነገር ቀርቶብኛል፣ ገመድ ዘርጊ፦ ሁለተኛ ፎቅ አዲስ ተከራይ ገብቶ ትናንት ቻናል 8 ላይ ዋይፋይ ከፍቷል። ቅዳሜ ቡና ልጠራው ነው። ራውተሩ አሮጌ ስለሚመስል ስፋቱን የሚቀይርበት ቦታ ባይኖረው ምን እናድርግ?


ገመድ ዘርጊ (ሀዋሳ፣ መናኸሪያ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ስፋቱ ባይቀየርም ቻናሉ ይቀየራል፤ 6 ላይ ያስገቡት። የመላኪያ ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ ካለውም ወደ መካከለኛ ያውርዱለት፤ ለአንድ ቤት ይበቃዋል። ካስቸገረዎት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታቦር በኩል ሥራ አለኝ፣ ብቅ እላለሁ።